ሦስት መዝገብ ያለው አንድ ጽሑፍ፦ የዦርዥ ለሜትር ሕትመትና ጥቅስ ሲመረመር

የቤልጅጉ ቄስና የፊዚክስ ሊቅ ዦርዥ ለሜትር በ1927 ያሳተመው ጽሑፍ ማን የማንን ጽሑፍ እንደጠቀሰ በሚይዘው በአስትሮፊዚክስ የጥቅስ መዝገብ ውስጥ ሲፈለግ ሦስት ቦታ ይገኛል። አንደኛው በፈረንሳይኛ የወጣው ዋናው ነው። ሁለተኛው በ1931 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የታተመው ሲሆን ሦስተኛው በ2013 ሙሉው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ እንደገና የወጣበት ነው። ሦስቱም የየራሳቸው መለያ አላቸው፤ የጠቀሷቸው ጽሑፎችም ለየብቻ ይቆጠራሉ። ይባስ ብሎ የ1931ዱ ከዋናው ጋር እኩል አይደለም፤ ለሜትር አጽናፈ ዓለም የሚሰፋበትን ፍጥነት ከቴሌስኮፕ መረጃ ያሰላበት ክፍል የለበትም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተመራማሪን በጥቅስ ብዛት ለሚመዝን ሁሉ፣ የማዕረግ ዕድገት የሚሰጥ ኮሚቴም ይሁን የምርምር ገንዘብ የሚያድል ድርጅት፣ ይህ ጉዳይ ጠቃሚ ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው መዝገብ ነው፤ ሐሳብ አይቆጥርም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከየት ከየት እንደሚመጣ ደግሞ በለሜትር ጉዳይ ከሞላ ጎደል በሰነድ መከታተል ይቻላል።

ጽሑፉና በውስጡ ያለው ስሌት

ለሜትር በ1894 በሻርለሯ ከተማ ተወለደ፤ በ1923 ቅስና ተቀበለ። ከ1923 እስከ 1924 በካምብሪጅ ከእንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ከአርተር ኤዲንግተን ዘንድ፣ ቀጥሎ በሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ቆይቶ ወደ አገሩ ወደ ሉቫን ዩኒቨርሲቲ ተመለሰና ማስተማር ጀመረ። ጽሑፉን ያወጣው በብራስልስ የሳይንስ ማኅበር ዓመታዊ ጆርናል፣ በቅጽ 47፣ ከገጽ 49 እስከ 59 ነው። ጆርናሉ የተከበረ ነበር፤ ሆኖም የለንደን፣ የላይደን ወይም የካሊፎርኒያ የሥነ ፈለክ ሰው ጠዋት ቢሮው ሲገባ የሚያነሣው ዓይነት አልነበረም።

በአሥራ አንዱ ገጽ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው ንድፈ ሐሳብ ነው፦ ከአንስታይን ቀመሮች ተነሥቶ የቁስ መጠኑ የማይለወጥ፣ ስፋቱ ግን እያደገ የሚሄድ አጽናፈ ዓለም። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ፍሪድማን ተለዋዋጭ መፍትሔዎችን በ1922 አስቀድሞ አሳትሞ ነበር፤ ለሜትር ይህን አያውቅም ነበር። ሁለተኛውና ፍሪድማን ያልነካው ነገር ቀመሩን ከተለኩ ፍጥነቶች ጋር ማገናኘቱ ነው።

ኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ በዚህ ስሌት ላይ ስለሆነ ጠጋ ብሎ ማየት ይበጃል። ለሜትር የ42 ኔቡላዎችን (ዛሬ ጋላክሲ የምንላቸውን) ፍጥነት የወሰደው ጉስታፍ ስትሮምበርግ በ1925 ካወጣው ሰንጠረዥ ነው፤ አብዛኛውን ፍጥነት በሎዌል ኦብዘርቫቶሪ የለካው ቬስቶ ስላይፈር ነበር። ለርቀቱ አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድዊን ሃብል በ1926 ያወጣውን አማካይ ተጠቀመ፦ የአንድ ኔቡላ ፍጹም ማግኒቲዩድ፣ ማለትም የራሱ የብርሃን ኃይል መለኪያ፣ በአማካይ −15.2 ነው። ሁሉም ኔቡላ እኩል ብርሃን ያወጣል ብለን ከተነሣን ርቀቱ ከሚታየው ድምቀት ብቻ ይወጣል፤ በፓርሴክ (አንዱ 3.26 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው) የተቆጠረው ርቀት ሎጋሪዝም የሚታየው ማግኒቲዩድ በ0.2 ተባዝቶ 4.04 ሲደመርበት ነው። ማግኒቲዩዱ 10 የሆነ ኔቡላ ብንወስድ 6.04 ይመጣል፤ ይህም 1.1 ሚሊዮን ፓርሴክ ገደማ ነው። ቀጥሎ የፀሐይን የራሷን ጉዞ፣ በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር፣ ቀነሰ። የሩቆቹ ርቀት ስሕተቱ ስለሚሰፋ ለቅርቦቹ የበለጠ ክብደት ሰጠና አማካዩን ወሰደ፦ ርቀት 0.95 ሚሊዮን ፓርሴክ፣ ፍጥነት በሰከንድ 600 ኪሎ ሜትር። ከዚያ በአንድ ሚሊዮን ፓርሴክ በሰከንድ 625 ኪሎ ሜትር ብሎ ጻፈ። (600ን ለ0.95 ያካፈለ አንባቢ 632 ግድም ያገኛል፤ በጽሑፉ ላይ የሰፈረው ግን 625 ነው።) በግርጌ ማስታወሻ ደግሞ ክብደት ሳይሰጥ ሲሰላ 575 እንደሚመጣ ጠቁሟል።

የዛሬው ልኬት እንደ ዘዴው ከ67 እስከ 73 ስለሆነ የለሜትር ቁጥር ወደ ዘጠኝ እጥፍ የተጋነነ ነው። ጥፋቱ ከርቀቱ ነው፤ ኔቡላዎቹ ከታሰበው እጅግ የራቁና የደመቁ ሆነው ተገኙ። የሃብልም ቁጥር በዚሁ በሽታ የተያዘ ስለነበር፣ የቁጥሩ ትክክለኛነት ከሁለቱ ለአንዳቸውም ብልጫ አይሰጥም።

ከ1927 እስከ 1930፦ ጽሑፉ እያለ ያልነበረበት ጊዜ

ለሜትር ጽሑፉን መሳቢያ ውስጥ አልቀበረውም። በጥቅምት 1927 በብራስልስ የፊዚክስ ሊቃውንት የሶልቬይ ጉባኤ ሲደረግ አንስታይንን አግኝቶ ስለዚሁ አነጋግሮታል። አንስታይን ሒሳቡን ተቀበለ፤ ፊዚክሱን ግን አልወደደለትም። የፍሪድማንን ሥራ መኖር ለለሜትር የነገረውም ያን ጊዜ ነው። ለኤዲንግተንም ቅጂ ተልኮለት ነበር፤ ኤዲንግተን ግን ወይ አላነበበውም ወይ ረስቶታል።

በ1929 ሃብል በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ሂደቶች ቅጽ 15፣ ከገጽ 168 እስከ 173፣ ዝነኛውን ጽሑፉን አወጣ። ርቀታቸው የታወቁ 24 ኔቡላዎችን ይዞ፣ ፍጥነትን ከርቀት ጋር በግራፍ አስቀምጦ፣ በአንድ ሚሊዮን ፓርሴክ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አገኘ። ለሜትርን አልጠቀሰም። አብዛኛው ፍጥነት የስላይፈር ሆኖ ሳለ ሰንጠረዡ ላይ የስላይፈር ስም አለመታየቱ ይበልጥ ያስገርማል።

የሁለቱን ሥራ ልዩነት በትክክል መያዝ ያስፈልጋል። ለሜትር ግራፍ አልሳለም፤ ፍጥነት ከርቀት ጋር እኩል እንደሚያድግ ከቀመሩ አውጥቶ መረጃውን የተጠቀመው የዕድገቱን መጠን ለማግኘት ነው። ሃብል ግንኙነቱን በመረጃ አሳየ፤ አጽናፈ ዓለም እየሰፋ ነው ብሎ ግን አልደመደመም። ማን ቀደመ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ምኑን ለሚለው መልስ ከተሰጠ በኋላ የሚመጣ ነው፤ የጥቅስ ቆጣሪ ደግሞ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቅም።

በ1930 መጀመሪያ በለንደን የንጉሣዊ ሥነ ፈለክ ማኅበር ስብሰባ ላይ ኤዲንግተንና ሆላንዳዊው ቪለም ደ ሲተር የማይለወጠው አጽናፈ ዓለም ስላላረካቸው ሌላ መፍትሔ ስለመፈለግ ተነጋገሩ። ውይይቱ ታትሞ ወጣ። ለሜትር አነበበና ለኤዲንግተን ደብዳቤ ጻፈለት፦ የምትፈልጉት መፍትሔ ከሦስት ዓመት በፊት የላክሁልህ ውስጥ አለ የሚል። ኤዲንግተን በዚያው ዓመት በማኅበሩ ወርኃዊ ጆርናል ላይ የለሜትርን ሥራ አስተዋወቀ፤ ደ ሲተርም ተከተለ። ጽሑፉ ወደ ዋናው ንግግር የገባው በጆርናሉ መንገድ ሳይሆን በአንድ ደብዳቤና በአንድ ታዋቂ ሰው አፍ ነው። ኤዲንግተንን በግል የማያውቅ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ሦስቱ ዓመት ሠላሳ ይሆኑ ነበር ማለት ማጋነን አይመስለንም።

የ1931 ትርጉምና የጎደለው አንቀጽ

የካቲት 17 ቀን 1931 የማኅበሩ ጸሐፊ ዊሊያም ስማርት ለለሜትር ጻፈ፤ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ለማተም ፈቃድ ጠየቀ። ለሜትር መጋቢት 9 መለሰ፤ ትርጉሙ በወርኃዊ ጆርናሉ ቅጽ 91፣ ከገጽ 483 እስከ 490 ወጣ። ከዋናው ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ የ42ቱ ኔቡላዎች ውይይት፣ 625 እና 575 የተጻፉባቸው መስመሮች፣ ከነግርጌ ማስታወሻቸው የሉም።

በ2011 ይህ ጉድለት ጠንካራ ክስ አስነሣ። የሥነ ፈለክ ሊቁ ሲድኒ ቫን ደን በርግ ተርጓሚው 24ኛው ቀመር (625 የሚገኝበት) ያለበትን ክፍል ሆን ብሎ እንደቆረጠው ጠረጠረ። ዴቪድ ብሎክ ደግሞ በስማርት ደብዳቤ ላይ የትኞቹ አንቀጾች እንዲተረጎሙ እንደተጠየቀ የሚያሳየውን የእጅ ጽሑፍ «ከ1 እስከ 72» ብሎ አነበበው፤ ከ72 በኋላ ያለው አይታተም ተብሏል ማለት ነው። በኅዳር 2011 ማሪዮ ሊቪዮ በኔቸር መጽሔት ቅጽ 479 ነገሩን ዘጋው፦ የእጅ ጽሑፉ 72 ሳይሆን «እስከ መጨረሻው» ለማለት የሚጻፈው የሒሳብ ፊደል ነው፤ የለሜትር የመልስ ደብዳቤም ተገኘ። ቆራጩ ራሱ ለሜትር ነበር። ስለ ፍጥነቶቹ የጻፈው ጊዜያዊ ውይይት በወቅቱ ፋይዳ ስለሌለው እንደገና ማተሙን እንዳልፈለገ ይናገራል።

የተመራማሪ ፍርድ ሆኖ ሲታይ ውሳኔው ስሕተት አይደለም። በ1931 የሃብል የተሻለ መረጃ ወጥቷል፤ በደከመ መረጃ የተሠራ የቆየ አማካይ እንደገና ማተም ምን ይረባል? የቀዳሚነት መዝገብ ሆኖ ሲታይ ግን ዋጋው ከባድ ነው። ፈረንሳይኛ የማያነብ ሁሉ የሚያገኘው የ1931ዱን ነውና።

በክርክሩ ጩኸት ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፤ ቁጥሩ ፈጽሞ አልጠፋም። የ1931ዱ ትርጉም ባለው መረጃ ላይ ከተደረገ ውይይት እንደተወሰደ ጠቅሶ 0.68×10⁻²⁷ በሴንቲሜትር የሚል እሴት በአንዲት መስመር ያስቀምጣል። ይህ በብርሃን ፍጥነት ተባዝቶ ወደ ተለመደው አሃድ ሲመለስ በአንድ ሚሊዮን ፓርሴክ 625 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። የወጣው ስሌቱ ነው፤ ውጤቱ ልብሱን ቀይሮ ተቀምጧል። በጽሑፍ ፍለጋ 625ን የሚፈልግ ሰው ግን አያገኘውም።

መዝገቡን የሚያምሱት ነገሮች

በአስትሮፊዚክስ ዋናው መዝገብ በስሚዝሶኒያን ኦብዘርቫቶሪ የሚተዳደረው የናሳ አስትሮፊዚክስ ዳታ ሲስተም፣ በአጭሩ ኤዲኤስ፣ ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ ቢብኮድ የሚባል ባለ 19 ምልክት መለያ አለው፦ 4 ለዓመት፣ 5 ለጆርናሉ አሕጽሮት፣ 4 ለቅጽ፣ 1 ለተጨማሪ ምልክት፣ 4 ለገጽ፣ የመጨረሻው 1 ለመጀመሪያው ደራሲ የቤተሰብ ስም መነሻ ፊደል። ባዶ የቀረው በነጥብ ይሞላል። ዓመት፣ ጆርናልና ገጽ ከተለወጡ መለያው ይለወጣል፤ ስለዚህ ትርጉምና ዳግም ሕትመት በራሳቸው አዲስ መዝገብ ናቸው።

በለሜትር ላይ ይህ የሚፈጥረው ችግር «ለሜትር 1931» ብሎ የጠቀሰ ጽሑፍ ሲያጋጥም ይታያል። ትርጉሙ ከገጽ 483 እስከ 490 ነው። በዚያው ቅጽ፣ እሱ ባለቀበት በገጽ 490 ላይ፣ ሌላ የራሱ ጽሑፍ ይጀምርና እስከ 501 ይሄዳል። በግንቦት 1931 ደግሞ በኔቸር ቅጽ 127፣ ገጽ 706፣ የዓለምን መነሻ ከኳንተም ንድፈ ሐሳብ አንጻር ያየበት አጭር ደብዳቤው ወጣ፤ ዛሬ የታላቁ ፍንዳታ ሐሳብ ጥንስስ የሚባለው ያ ነው። ሦስቱ ስለ ሦስት የተለያየ ነገር የሚናገሩ ናቸው። ገጽ ሳይጻፍ ዓመት ብቻ የተጠቀሰባቸው የቆዩ ማጣቀሻዎች ወደ የትኛው እንደሚቆጠሩ በእጅ ካልታየ አይታወቅም።

የስሙ አጻጻፍም ያስቸግራል። በፈረንሳይኛ በስሙ መካከል ካለው ፊደል ላይ ቆብ የመሰለ ምልክት አለ፤ አንዳንዱ መዝገብ ይይዘዋል፣ አንዳንዱ ይጥለዋል። የ1931ዱ ትርጉም ላይ ደግሞ ከስሙ በፊት የቅስና ማዕረጉ ታትሟል፤ እኛ «አባ» እንደምንለው ማለት ነው። ማዕረግን እንደ መጠሪያ ስም የሚወስድ አሠራር አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል።

የሚታመን ቁጥር ለማውጣት አሠራሩ ይህን ይመስላል። ስሙን በምልክቱም ያለ ምልክቱም ፈልጎ ዝርዝሩን በዓመት መደርደር፤ ትርጉምና ዳግም ሕትመት የሆኑትን ከዋናቸው ጋር ማጣመድ። ለሜትር ላይ ከ1927ቱ ጋር የ1931ዱና የ2013ቱ ይገባሉ። ከዚያ የሦስቱን የጥቅስ ቁጥር መደመር ሳይሆን የጠቃሾቹን ዝርዝር አንድ ላይ ማምጣት ነው። ብዙ ደራሲ ዋናውንም ትርጉሙንም በአንድ ግርጌ ስለሚጠቅስ በመደመር የሚገኘው ቁጥር ያበጠ ይሆናል። ኤዲኤስ የተመረጡ ጽሑፎችን የጠቀሱትን በአንድ ዝርዝር ያወጣል፤ በመለኪያ ገጹም ላይ ጠቅላላ ጥቅስና የጠቃሽ ጽሑፎች ብዛት ለየብቻ ተቀምጠዋል። ለዚህ ዓይነት ጉዳይ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። ያም ሆኖ ቁጥሩ ዝቅተኛው ወሰን ብቻ ነው፤ በዚያ ዘመን ማጣቀሻ በግርጌና በዓረፍተ ነገር መካከል ስለሚጻፍ፣ መጻሕፍትም በደንብ ስላልተያዙ፣ የ1930ዎቹ ጥቅሶች ከፊሉ መዝገብ ውስጥ የሉም።

ሆርሄ ኸርሽ በ2005 ያቀረበው ኤች ኢንዴክስ (እያንዳንዳቸው ቢያንስ ኤች ጊዜ የተጠቀሱ ኤች ጽሑፎች አሉት ማለት ነው) እንዲህ ላለ ሰው የባሰ ነው። ኤች ከሕትመት ብዛት አይበልጥም፤ አንድ ጽሑፍ ሺህ ጊዜም ይጠቀስ መቶ ጊዜ ለውጥ አያሳይም። ጥቂት ግን መሠረታዊ ጽሑፍ ያለውን በየዓመቱ መካከለኛ ጽሑፍ ከሚያወጣው በታች ያስቀምጣል። በኤዲኤስ ላይ የሚገኘው ቶሪ የሚባለው መለኪያ ጥቅሱን ለደራሲዎች ብዛትና ለጠቃሹ ጽሑፍ ማጣቀሻ ብዛት አካፍሎ፣ ራስን መጥቀስን አውጥቶ ስለሚቆጥር፣ የ1930ዎቹን ብቸኛ ደራሲ ከዛሬው ባለ መቶ ደራሲ ጽሑፍ ጋር ለማነጻጸር ይሻላል። የተበታተነ መዝገብን ግን እሱም አይሰበስብም።

የስሙ ነገር ለኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የዛሬ ጉዳይ ነው። የቢብኮዱ የመጨረሻ ፊደል የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የራስ ስምና የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለም። አበበ በላይ የሚባል ሰው በአንዱ ጆርናል «በላይ፣ አ.»፣ በሌላው «አበበ፣ በ.» ሆኖ ቢታተም ሁለት ደራሲ ይሆናል። የአያት ስም ሲጨመር ሦስተኛ ሰው ይወለዳል። የላቲን አጻጻፉም ከጽሑፍ ጽሑፍ ሲለያይ ነገሩ ይባባሳል። ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት አንድ አጻጻፍ መርጦ አለመልቀቅ፣ የኦርኪድ ቁጥር (የተመራማሪ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) አውጥቶ ለጆርናሉ ጽሑፉን ሲልኩ አብሮ ማስገባት፣ ቀድሞ የተበታተኑትንም በኤዲኤስ ላይ በኦርኪድ የራስ አድርጎ ማስመዝገብ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ስሙ ሲታከል

በነሐሴ 2018 በቪየና የተሰበሰበው የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት፣ ፍጥነት ከርቀት ጋር እኩል ያድጋል የሚለው የሃብል ሕግ «የሃብል–ለሜትር ሕግ» እንዲባል የሚመክር ውሳኔ ለአባላቱ አቀረበ። በኤሌክትሮኒክ ምርጫው መምረጥ ከሚችሉት 11,072 አባላት 4,060ው ድምፅ ሰጡ፤ 78 በመቶው ደገፈ፣ 20 በመቶው ተቃወመ፣ 2 በመቶው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ከተቃውሞዎቹ አንዱ ጠንከር ያለ ነበር፦ የውሳኔው ሐሳብ ሃብልና ለሜትር በ1928 በላይደን ጉባኤ ተገናኝተው ሐሳብ እንደተለዋወጡ ይገልጻል፤ የሳይንስ ታሪክ ሰዎች ግን ለዚህ ሰነድ የለም አሉ። ፍጥነቶቹን የለካው ስላይፈርም በስያሜው ውስጥ አልገባም።

ስያሜው በጥቅስ ቆጠራ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። እንዲያውም ሕግ ሆኖ በስም የሚጠራ ግኝት ብዙውን ጊዜ ማጣቀሻ አይጻፍለትም፤ «የሃብል–ለሜትር ሕግ» ብሎ የሚጽፍ ደራሲ የ1927ቱንም የ1929ኙንም በዝርዝሩ ውስጥ ላያስገባ ይችላል። ስም የወጣለት ሥራ ከቆጣሪው ይሠወራል።

ለሜትር በ1933 በዚያው በብራስልሱ ጆርናል፣ በዚያው በፈረንሳይኛ፣ ከገጽ 51 እስከ 85 ሌላ ትልቅ ጽሑፍ አወጣ። ወጥ ያልሆነ አጽናፈ ዓለምን የሚገልጽ መፍትሔ ነበረው። ሪቻርድ ቶልማን በ1934 ለሜትርን ጠቅሶ ተጠቀመበት፤ ኸርማን ቦንዲ በ1947 አሰፋው፤ መፍትሔውም ለረጅም ጊዜ በብዙዎች ጽሑፍ «ቶልማን–ቦንዲ» እየተባለ ቆየ። በእንግሊዝኛ ሙሉውን ማንበብ የተቻለው በ1997 ሲተረጎም ነው፤ ይህም በመዝገቡ ላይ ሌላ መለያ ጨመረ።

ዛሬ ለሜትርን በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቅስ ሰው 625ን የሚያነሣ ከሆነ የ1927ቱን መጥቀስ አለበት፤ በ1931ዱ ያለው 0.68×10⁻²⁷ ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ ቅጂ ለአንባቢው መጠቆም ከፈለገ የ2013ቱን ይጨምር። 1931ን ሲጽፍ ደግሞ ገጹን፣ 483 ወይስ 490 ወይስ 706 መሆኑን፣ አብሮ ይጻፍ።